ሰባት ጠርሙስ በአንድ ፌስታል

ሴትየዋ ወደ መድኃኒት ቤታችን የገባችው ሐኪም የጻፈላትን ማዘዣ ይዛ ነበር። የታዘዘላት ፒቲዩ ነው፤ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ለማብረድ የሚሰጠው መድኃኒት። ከመደርደሪያ አንስቼው ስመለስ ከቦርሳዋ ጥቁር ፌስታል አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። "ዶክተር፣ ከእነዚህ ጋር አብሬ ብወስደው ችግር አለው?" ፋርማሲስት እንጂ ዶክተር አለመሆኔን ለደንበኞች ማስረዳት ከተውኩ ዓመታት ስላለፉ ዝም ብዬ ፌስታሉን ፈታሁት። ሰባት ጠርሙስ።

ባለታሪኳ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ማንነቷን የሚጠቁመውን ትቻለሁ፤ ክሊኒኩንም ላቦራቶሪውንም አልጠራም፣ የምተርከውም እነሱን ለመውቀስ አይደለም። ያንን ስህተት እኔም ልሠራው እችል ነበር። ሁላችንንም ያዳነን ያቺ ጥያቄዋ ናት፤ ምክንያቱም ሰው ቫይታሚን መውሰዱን ለሐኪም አይናገርም። "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ስትባል "የለም" ብላለች፤ አልዋሸችም። ቫይታሚን በእሷ ቤት መድኃኒት አይደለም።

ዕድሜዋ 33፣ የባንክ ሠራተኛ። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አምስት ወሯ ነው፤ ሕፃኑን አዝለው አብረዋት የመጡት እናቷ ናቸው። በሦስተኛው ወር ጸጉሯ መርገፍ ጀመረ፤ ስትታጠብ በጭብጥ፣ ስታበጥር በጭብጥ። በዚያ ላይ ድካም፤ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል። በእርግዝናዋ ጊዜ ጉንጯና ግንባሯ ላይ የወጣው ማዲያትም አልለቀቃትም። ሜሪላንድ ለምትኖረው እህቷ ፎቶ አንስታ ላከች። እህት ደግሞ እህት ናትና በአንድ ወር ውስጥ በሁለት መንገደኞች ሻንጣ ዕቃው ሁሉ ደረሰ።

አንዱ እንደ ከረሜላ የሚታኘክ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚል መልቲቫይታሚን ነው። ሁለተኛው ላይ "ለጸጉር፣ ለቆዳና ለጥፍር" የሚል ተጽፎበታል። ሦስተኛው የዓሣ ጉበት ዘይት። ከዚያ ቫይታሚን ዲ ባለ 5,000 ዩኒት፣ ቫይታሚን ኢ ባለ 400 ዩኒት፣ ውኃ ውስጥ እየፈላ የሚሟሟው ቫይታሚን ሲ ባለ 1,000 ሚሊግራም። ሰባተኛው እንኳ ጠርሙስ ሳይሆን ትልቅ የኮላጅን ዱቄት ጣሳ ነው። ሁሉንም ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር በአንድ ጊዜ ትወስዳለች፤ ኮላጅኑን ወተት ውስጥ በጥብጣ።

ሁለተኛውን ጠርሙስ አዙሬ ጀርባውን ሳነብ ቆም አልኩ። ባዮቲን፦ 10,000 ማይክሮግራም። ከጎኑ ለአንድ ቀን ከሚያስፈልገው ስንት እጅ እንደሆነ በመቶኛ ተጽፏል፦ 33,333 በመቶ። የኅትመት ስህተት አይደለም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮግራም ነው፤ ለምታጠባ እናት 35። አካፍሉት።

"የደም ምርመራውን የሰጠሽው በስንት ሰዓት ነው?"

"ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወደ ሥራ ስሄድ።"

"እነዚህንስ?"

"ከቤት ከመውጣቴ በፊት ወስጃቸዋለሁ።"

ፒቲዩውን ወደ መደርደሪያው መለስኩት።

የእንቁላል ነጭ እና የላቦራቶሪ ማሽን

ባዮቲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። ሳይንስ ያወቀው በመጀመሪያ በጉድለቱ ነበር፤ ያውም በእንቁላል ምክንያት። ጥሬ የእንቁላል ነጭ በብዛት እየተመገቡ የቆዩ የላቦራቶሪ አይጦች ጸጉራቸው ረገፈ፣ ቆዳቸው ቆሰለ። በኋላ ሲታወቅ በእንቁላል ነጭ ውስጥ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ባዮቲንን አንዴ ከያዘ የማይለቅ። ሲበስል ግን ይህ ጉልበቱ ይጠፋል፤ እንቁላል ጠብሶ ለሚበላ ሰው ነገሩ አያሳስብም። "ባዮቲን ለጸጉር" የሚለው ዝና የመነጨው ከዚህ ነው፦ ሲጎድል ጸጉር ይረግፋል። እውነት ነው። ነገር ግን ጉድለቱ በጣም ብርቅ ነው፤ ያልጎደለበት ሰው ሲጨምርበት ጸጉሩ እንደሚበዛ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃም የለም። ታንከሩ ሞልቶ ሳለ ውኃ ማስቀዳት ነው።

የዚህ ታሪክ አስገራሚው ክፍል ግን ሌላ ነው። ያ የማይለቅ መያያዝ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ትልቅ መሣሪያ ሆነላቸው። ከባክቴሪያ የሚገኝ፣ የአቪዲን ዘመድ የሆነ ስትሬፕታቪዲን የሚባል ፕሮቲን ወስደው የማሽኑን ጥቃቅን እንክብሎች ቀቡት፤ ባዮቲንን ደግሞ እንደ መንጠቆ በምርመራው ፀረ እንግዳ አካል ላይ አሰሩት። መንጠቆው ሆርሞኑን ይዞ እንክብሉ ላይ ይሰቀላል፤ ማሽኑ የተሰቀለውን ይቆጥራል፤ ያልተሰቀለው ታጥቦ ይሄዳል። ሁሉም ማሽን በዚህ መንገድ አይሠራም፤ ብዙዎቹ ግን ይሠሩ ነበር፣ አሁንም የሚሠሩ አሉ።

እንግዲህ ከዚህች ሴት የተቀዳው ደም ራሱ በባዮቲን የተጥለቀለቀ ነው። ነፃው ባዮቲን ቀድሞ ሄዶ መስቀያውን ሁሉ ይይዘዋል። ሆርሞኑን የያዘው መንጠቆ ቦታ አጥቶ ይታጠባል፤ ማሽኑ "የለም" ብሎ ይጽፋል። ቲኤስኤች፣ ማለትም ታይሮይድን "ሥራ" ብሎ የሚያዘው፣ ታይሮይድ ሲበዛ ደግሞ የሚቀንሰው ሆርሞን፣ የሚለካው በዚህ መንገድ ነው፤ ስለዚህ በሐሰት ዝቅ ይላል። ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ቲ4፣ የሚለካበት ዘዴ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ የተሰቀለው ባነሰ ቁጥር ማሽኑ ሆርሞኑ በዝቷል ብሎ ያነበዋል፤ ስለዚህ በሐሰት ከፍ ይላል። ዝቅ ያለ ቲኤስኤች፣ ከፍ ያለ ቲ4፦ በየመማሪያ መጽሐፉ ያለው የታይሮይድ ከመጠን በላይ መሥራት ሥዕል ቁልጭ ብሎ ወጣ። የእሷ ወረቀት ላይ ቲኤስኤች 0.06 ነበር፤ ጤነኛው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው።

ሐኪሙ የሚወቀስበት ምክንያት የለም የምለው ለዚህ ነው። ድካም፣ የልብ ምት፣ የጸጉር መርገፍ፤ በዚያ ላይ ከወሊድ በኋላ ታይሮይድ የሚታወክባቸው እናቶች በእርግጥ አሉ። ወረቀቱም አረጋገጠለት። እኔን ያጠራጠሩኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ ታይሮይዱ የፈጠነበት ሰው ይከሳል፤ እሷ ከወለደች ወዲህ ጨምራለች። ሁለተኛ፣ "እጅሽን ዘርጊልኝ" ብዬ ጣቶቿ ላይ ወረቀት አስቀመጥኩ፤ ወረቀቱ አልተንቀጠቀጠም። እነዚህ ማስረጃ አይሆኑም፤ ለመጠራጠር ግን ይበቃሉ።

ሐኪሙ ስልኩን ሲያነሳ የጠበቅሁት "አንተ ደግሞ ምን አገባህ" የሚል ድምፅ ነበር፤ ደግነቱ ሰውየው ሌላ ሆኖ ተገኘ። "ባዮቲኑ ስንት ነው ያልከኝ?" አለ። ደገምኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ "አትስጣት፤ ሳምንት አቁማ ትምጣና እንድገመው" አለኝ።

ነገሩ አዲስ ሆኖ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ላይ ባዮቲን የላቦራቶሪ ውጤቶችን እንደሚያዛባ ገልጾ፣ ከፍተኛ መጠን ይወስድ የነበረ አንድ ሰው የትሮፖኒን ምርመራው በሐሰት ዝቅ ብሎ ከወጣ በኋላ መሞቱ እንደተነገረው ጽፏል። ትሮፖኒን ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) የሚያሳይ ምርመራ ነው። በ2019 ማስጠንቀቂያውን አድሶታል። በዚያው በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ ስድስት ጤነኛ ሰዎች ልክ እንደ እሷ በቀን 10 ሚሊግራም ለአንድ ሳምንት ወስደው በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ውጤታቸው መዛባቱን አሳይቷል። የታይሮይድ ባለሙያዎች ከምርመራ በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀን ይቁም ይላሉ፤ እኛ ሳምንት የሰጠነው መጠኑ ስለበዛና ልጅ የምታጠባ ሴት ላይ መሳሳት ስላልፈለግን ነው። ፒቲዩ ቀላል መድኃኒት አይደለም፤ በጉበት ላይ በሚያደርሰው ከባድ ጉዳት ምክንያት በ2010 አሜሪካ ውስጥ በማሸጊያው ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲታተምበት የተደረገ ነው።

በሳምንቱ ቲኤስኤች 1.9 ሆኖ መጣ። ቲ4ም ጤነኛ። ታይሮይዷ አልታመመም ነበር።

በደረሰኝ ጀርባ ላይ የተደመረው

ውጤቱን ልታሳየኝ ስትመጣ ፌስታሉን ይዛው መጣች፤ "እንግዲህ ባዮቲኑን ትቼ የቀሩትን ልቀጥል?" አለችኝ። እዚህ ላይ "አዎ" ማለት ይቀልላል፤ ነገር ግን ሰዎች ቫይታሚን ሲመርጡ የሚሳሳቱበትን ቦታ ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነው። እያንዳንዱን ጠርሙስ ለብቻው ይመዝኑታል። "ይህ ጥሩ ነው? ያስ?" ጠርሙሶቹ ግን ሆድ ውስጥ ሲገቡ ስማቸውን በር ላይ ትተው ነው። ለጸጉር የተባለውም ለቆዳ የተባለውም ለኃይል የተባለውም ውስጣቸው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው።

የደረሰኝ ጀርባ ላይ መስመር አስምሬ "አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልጻፍ" አልኳት። የባንክ ሰው ናት፤ መደመር አያቅታትም። ቫይታሚን ኤ፦ በከረሜላው 750 ማይክሮግራም፣ በጸጉሩ ጠርሙስ 1,500፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ የዓሣ ጉበት ዘይት 1,350። ድምር 3,600። ሦስቱም ሬቲኖል የሚባለው ዝግጁ የቫይታሚን ኤ ዓይነት ነው፤ ከካሮት የሚገኘው ዓይነት አይደለም። አንድ አዋቂ በቀን ሊያልፈው አይገባም የሚባለው ጣሪያ 3,000 ነው። ቫይታሚን ዲ፦ 5,000፣ 400 እና 800፤ ድምር 6,200 ዩኒት፤ ጣሪያው 4,000። ባዮቲን በከረሜላውም በኮላጅኑ ጣሳም ውስጥ ነበረ፤ የጸጉሩን ጠርሙስ ብቻ ብታቆም ኖሮ ከጣሳው 2,500 ማይክሮግራም እየጠጣች ወደ ላቦራቶሪ ትመለስ ነበር። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ስላላየሁት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ደግነቱ "ሁሉንም አቁሚ" ብያት ነበር።

በእነዚህ ቁጥሮች ሰው ነገ ተነስቶ አይመረዝም፤ ማስፈራራት አልወድም። ሬቲኖል ግን በጉበት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ከሚያሳያቸው ምልክቶች መካከል የቆዳ መድረቅ፣ የከንፈር መሰነጣጠቅና፣ ልብ በሉ፣ የጸጉር መርገፍ ይገኛሉ። ሌላ ልጅ ልታረግዝ የምትችል ሴት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የበዛ ሬቲኖል ጽንሱን ይጎዳል። ሴሌኒየም የሚባለው ማዕድንም እንዲሁ ነው። "ለጸጉር" የሚባሉት ጠርሙሶች ብዙዎቹ ሴሌኒየም አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ማሟያ በፋብሪካ ስህተት ከተጻፈበት 200 እጥፍ ሴሌኒየም ይዞ ገበያ ወጥቶ 201 ሰዎች ታመሙ። ከዋና ዋና ምልክቶቻቸው አንዱ የጸጉር መርገፍ ነበር።

እንዲህ ያለ ስህተት እንዴት ያልፋል የሚል ካለ፣ መልሱ በሕጉ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት እነዚህ ማሟያዎች እንደ መድኃኒት ቀድመው ተፈትሸውና ጸድቀው ገበያ አይወጡም፤ ለደኅንነታቸው ኃላፊነቱን የሚወስደው አምራቹ ነው፤ መንግሥት የሚደርሰው በአብዛኛው ጉዳት ከታየ በኋላ ነው። "ከአሜሪካ የመጣ" ሲባል በእኛ ሰው ጆሮ "የተፈተሸ" ተብሎ ይሰማል፤ አይደለም። ዩኤስፒ የሚል የማረጋገጫ ማኅተም ያለበት ጠርሙስ ቢያንስ ውስጡ ያለው ነገር ውጭው ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉ በገለልተኛ ወገን ተመርምሯል። ከሰባቱ ማኅተሙ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ቫይታሚን ዲው። በሻንጣ የገባ ዕቃ ደግሞ የእኛንም አገር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ አያልፍም።

እናቷ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ጣታቸውን ወደ ቫይታሚን ኢው እንክብል ቀሰሩ።

"ልጄ፣ ይቺ የምታብለጨልጨው ከምንድን ነው የተሠራችው?"

"ውስጧ ዘይት ነው እናቴ፤ ሽፋኗ ጄላቲን ነው።"

"እሱስ ከምን ይሠራል?"

"ከከብት ቆዳና አጥንት። ከአሳማም ይሠራል።"

ጠርሙሱ ላይ ጄላቲን ከሚለው ቃል ሌላ የተጻፈ አልነበረም። እናትየው አማተቡ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ የዓሣው ዘይት ራሱ በጾም ይወሰድ አይወሰድ ገና አከራካሪ ሆኖ ሳለ አሳማ ተጨመረበት። ከሙስሊም ደንበኞቼም በየጊዜው የሚነሳ ጥያቄ ነው። ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ ከከብት ወይም ከዕፅዋት መሆኑ በግልጽ ካልተጻፈ አይታወቅም።

በዚህ መሀል ቫይታሚን ኢውን ባለቤቷም "ለጤና" እያለ መዋጥ መጀመሩ ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በታተመ፣ 35,533 ወንዶች በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት፣ ልክ ይህንኑ 400 ዩኒት በየቀኑ የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ምንም ካልወሰዱት በ17 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ለእሷ ስነግራት ስልኳን አውጥታ እዚያው ደወለችለት።

ሰባቱም ውስጥ ያልነበረው

ሐኪሙ ደሙን ሲያስደግም ፌሪቲን እንዲጨመርበት አስደርጎ ነበር። ፌሪቲን በሰውነት ጎተራ ውስጥ የተቀመጠው የብረት ክምችት መለኪያ ነው፤ ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው ይባላል። የእሷ 9 ወጣ። ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም በደሟ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ፣ 11.8 ስለነበር በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ማንም ልብ አላለውም፤ ከ12 ትንሽ ዝቅ ቢል ምን አለበት? ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ የሚኖር ሰው ደሙ ወፈር ማለት አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ከፍታ ከሚለካው ላይ 1.4 ግራም እንዲቀነስ የሚመክረውም ለዚህ ነው። ሲቀነስ 10.4 ይሆናል። የደም ማነስ አለባት፤ ድካሙና የልብ ምቱ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

"ከእነዚህ ውስጥ አይረን ያለበትን ፈልጊልኝ" አልኳት።

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያዞረች በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። ከረሜላው ላይ ብዙ ቆየች፤ መልቲቫይታሚን ነው፣ ሁሉም ነገር አለበት ብላ ነው የምታምነው። ግን በከረሜላ መልክ የሚሠሩት መልቲቫይታሚኖች በአብዛኛው ብረት የላቸውም፤ ጣዕሙን ያበላሸዋል፣ ሕፃናትም ከረሜላ መስሏቸው ቢበሉት የብረት መመረዝ ይገድላል። ሰባተኛውን ጣሳ ስታስቀምጥ ቀና ብላ አየችኝ።

"የለም።"

ከዚያ እናቷ ናቸው ነገሩን የጨረሱት። "ያቺ ጤና ጣቢያ የሰጡሽስ? መሳቢያ ውስጥ ያለችው?"

ነፍሰ ጡር ሳለች በጤና ጣቢያ አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት ኪኒን በነፃ ተሰጥቷት ነበር። ሁለት ሳምንት ወሰደች፤ ሆዷን ነፋት፣ ሰገራዋ ጠቆረ፣ ተወችው። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደና ጉዳት የሌለው መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ ወይም ተነግሯት ረስታዋለች። ኪኒኑ በማስታወቂያ አልታጀበም፣ እንጆሪ አይልም፣ ለቆዳ ይበጃል የሚል ጽሑፍ የለበትም። ከአትላንቲክ ማዶ የመጣው ዕቃ ቁም ሳጥን ላይ ተደርድሮ ሲታይ እሱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ስለ ምግብ ጠየቅኋት። ጤፍ ብረት አለው ይባላል፤ አለውም፣ ምንም እንኳ ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ቢሆን። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ችግሩ ከምግቡ በኋላ ያለው ነው። ቤት ውስጥ አራስ ስላለች ጠያቂ አይጠፋም፤ ማዕድ ሳይነሳ ቡና ይቀርባል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት በእጅጉ ያስቀራል፤ ሻይማ ከቡና ይብሳል። ወተትም የራሱ ድርሻ አለው።

እናም የተስማማነው ይህ ነበር። አይረኑን በሐኪሙ ትእዛዝ እንደገና ጀመረች፤ ግን በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለለች። አንድ ጊዜ ብረት የወሰደ አንጀት በማግስቱ በሩን ጠበብ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ቀን ዘልለው የወሰዱ ሴቶች ከእያንዳንዱ ኪኒን የበለጠ ብረት እንደሚያገኙ አሳይቷል። ሆድ የመንፋት ነገሩም ይቀንሳል፤ ለእሷ ዋናው ምክንያት ይህ ነበር። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከብርቱካን ወይም ከዘይቱን ጋር። ዘይቱን በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሚሟሟው ቫይታሚን ሲ እስኪያልቅ ግማሽ ግማሹን ብትጠጣው አልተቃወምኩም። ቡናው ከማዕዱ በሁለት ሰዓት እንዲርቅ ሆነ፤ እናትየው ይህቺን አልወደዷትም።

የጸጉሩ ጠርሙስ፣ የዓሣ ዘይቱና ቫይታሚን ኢው ቀሩ። ከረሜላው በቀን አንድ እስኪያልቅ ይቀጥል ተባለ። ኮላጅኑን ባዮቲኑ ስላለበት እንድትተወው መከርኩ፤ ሆድ ውስጥ እንደማንኛውም ሥጋ የሚፈጭ ፕሮቲን ነው፤ ለቆዳ እርጥበት ይረዳል የሚሉ ትናንሽ ጥናቶች አሉ፣ ብዙዎቹን የደጎሙት ራሳቸው ሻጮቹ ናቸው። ማዲያትን ግን አያነሳም።

ቫይታሚን ዲ ላይ ስንደርስ ጥያቄው ወደ ሕፃኑ ዞረ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ልጁ ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። የእናት ጡት ወተት ብዙ ቫይታሚን ዲ የለውም። እናት 6,200 ዩኒት ስትወስድ ልጁ ጠብታ ቫይታሚን ዲም የጠዋት ፀሐይም አላገኘም። ለሚጠባ ሕፃን የሚመከረው በቀን 400 ዩኒት ነው፤ በጠብታ መልክ ከእኛው መደርደሪያ ወሰደች። የሚቀጥለው ወር ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ ሰማያዊዋን የቫይታሚን ኤ እንክብል፣ 100,000 ዩኒቷን፣ በጤና ጣቢያ እንዲሰጡት አስታወስኳቸው። ያ በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ መጠን ስለሆነ ከእናቱ የየቀን ድምር ጋር አይነጻጸርም።

በሦስተኛው ወር ፌሪቲኗ 34 ደረሰ፤ ደረጃውን ሳትቆም ወጣሁት አለችኝ። ጸጉሯም መርገፉን ተወ፤ ፊት ለፊት አጫጭር አዲስ ጸጉር ተንጨባሯል። ይህን ብረቱ አደረገው ብዬ ለመመስከር ግን አልደፍርም። በእርግዝና ወቅት ሳይረግፍ የቆየ ጸጉር ከወሊድ በኋላ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወር በአንድ ላይ ይረግፋል፤ ልጁ ዓመት ሳይሞላው በአብዛኛው በራሱ ይመለሳል። ምንም ባትወስድም ሊመለስ ይችል ነበር። እንዲያውም ብዙ ጠርሙስ "አበቀለልኝ" ተብሎ የሚመሰገነው በዚሁ ነው፤ ጸጉሩ ሊመለስ ሲል ይገዛል፣ ሲመለስ ምስጋናውን ይወስዳል።

ማዲያቱ አልለቀቀም። ለእሱ የሚዋጥ ነገር የለኝም አልኳት። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያስፈልጋታል፤ ያውም ነጩ ሳይሆን ቀለም ያለው፤ ማዲያትን የሚያባብሰው የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለሆነ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ያንን ይከላከላል። እዚህ ማግኘቱ ከባድ ነው፣ ሲገኝም ውድ ነው። እዚያው ባንኮኒው ላይ ሆና ለእህቷ ደወለች፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። "እሺ፣ ታዲያ አሁን ምን ልላክ?" አለች እህትየው፤ ሜሪላንድ ገና አልነጋም። ክሬሙን ነገረቻት፤ ብረት ያለበት ስትል እናትየው ሕፃኑን ከጀርባቸው እያስተካከሉ ጠጋ አሉ።

"እሱንም ከቡና በፊት ነው የምትወስደው?"